ስፒል

ሰኞ ማለዳ ነው፤ ነፋስ ከጣና ሲነሣ፣
ስፒል በጥርሴ ነክሼ፣ ወረቀት ከክንዴ ሥር፣
ከሰሌዳው ፊት እቆማለሁ፣ ያለፈበትን ላነሣ፣
የደረሰውን ልሰቅል፣ በወግ በወጉ ልደረድር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ፤
ስንቱ ዕድል አለፈ በዚች አውራ ጣቴ!

«ክፍት የሥራ መደብ፤ የላብራቶሪ ባለሙያ፣
ጾታ አይለይም፤ ደመወዝ በስኬሉ።»
«ለመምህራን ብቻ፤ ነጻ የትምህርት ዕድል፣ ማሌዥያ፤
የቋንቋ ውጤት ያላችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ቶሎ በሉ።»
«የቁጠባ ማኅበር ስብሰባ፤ ምሳ የለም፣ ውሃ አለ።»
«ቁልፍ ጠፍቶብኛል፤ ሦስት ነው፣ አንዱ ዝጓል፤ ያየ ካለ።»

ረቡዕ የቤት ዕጣ ወጣ፤ ሃያ ስድስት ክፍል፣ አራት መቶ ስም፤
ያን ቀን ከሰሌዳው ሥር የሳቀ ሰው የለም።
ዶክተር ይበልጣል ብቻ፣ መነጽሩን ሁለቴ ጠርጎ፣
ስሙን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ ፈልጎ፣
«እኔ ድሮም ፎቅ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብሎ ሄደ፤
ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ግን ትከሻው ወረደ።

ግን ይህን አልነበረም ላወራ የተነሣሁት፤
ስለ ይርሳው ነበር፣ ባፌ ሳመላልሰው የከረምኩት።

ይርሳው የጀልባ ሠራተኛ ነው፣ ከባዮሎጂ ክፍል፤
ክረምቱ ሲከር እንቦጩ በየት ዞሮ እንደሚመጣ፣
ደንገሉን አንቆ የት እንደሚያድር፣ በየት እንደሚከፈል፣
ከሽታው ይነግርሃል፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ተመራማሪ ወሰደ፣ መለሰ፤
ስንቱ በሱ ጀልባ ተሻግሮ ካባ ለበሰ!
ካንዱ ጥናት መጨረሻ፣ ከምስጋናው ገጽ ግርጌ፣
የሞተሩ ቁጥር ሳይቀር አለ፤ የሱን ስም አጣሁት ፈልጌ።
«ለጀልባ ነጂው» ይላል። ሳነብለት ሳቀ፤
«ሞተሩ ከተጠራማ እኔም አለሁ» ብሎ ዘለቀ።

ጥቅምት ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ፣ ሁለት ገጽ የተያያዘ፤
የእንቦጭ ምርምር ድጋፍ፤ ፊተኛው ገጽ በዲግሪ የተያዘ፤
ከኋለኛው ገጽ ግን፣ ከታች፣ በደቃቁ፣
«የመስክ ረዳት፣ አንድ፤ ዲግሪ አይጠየቅም፤ ሐይቁን የሚያውቁ።»

ሰቀልኩት።
በማግስቱ የሒሳብ ክፍሏ የወይዘሮ ጥሩሰው ባል አረፈ።
«ቀብር ዘጠኝ ሰዓት፤ አውቶቡስ ከግቢው በር ይነሣል።»
ቦታ አጣሁ፤ ቸኮልኩ፤ ደራርቤ ወጋሁት።
ሞት ይቀድማል መቼም፤ ለቅሶ ላይ ማን ማመልከቻ ያነሣል?

ሰባቱ ወጣ፤ አሥራ ሁለቱ ወጣ፤
እሷ በየጧቱ ታልፋለች፤ ከፎቶው ፊት ትቆማለች፤
ሻርፗን ትሰበስባለች፤ ትሄዳለች።
እንዴት ብዬ ልንቀለው?
እስከ አርባው ተውኩት።

ሳነሣው ከሥሩ ያ ወረቀት ወጣ፤
ፀሐይ ያላየው፣ ነጭ፣ እንደ ዛሬ የመጣ።
ቀኑ ካለፈ አሥራ አንድ ቀን።
ይርሳው ከኋላዬ ቆሟል፤ ነዳጅ ሊያስፈርም ሲወጣ፤
በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤
«ሐይቁን የሚያውቁ»፤ ደገመው፤ ጥቂት አሰበ፤
«ጥሩ አድርገው ጽፈውታል» አለ።
ለቅሶ ነበረ ልል አፌን ስከፍት፣
«ተይው፣ አስረበብ» አለኝ፤ ጃኬቱን ቆልፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ፊት።

በጥር የተቀጠረው መጣ፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ቦርሳው አዲስ፤
«ይቅርታ እናቴ፣ ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አለኝ፣ ከበሩ ሲደርስ።
ወደ ይርሳው ላክሁት።
አሁን አብረው ይወጣሉ ይባላል፤
ይርሳው ያስተምረዋል፤ ልጁ በደብተር ይጽፋል።

እኔ ዛሬም ሰኞዬን፣ ነፋሱ ወረቀት ሲገልጥ፣
የሥሩን ቀን ሳላይ የላዩን አልወጋም።
ያቺን ስፒል ግን ወደ ቆርቆሮዋ አልመለስኳትም፤
ከገዋን ኪሴ ናት፤ አንዳንዴ እጄን ስከት
ትወጋኛለች።
ትውጋኝ።